ዋረን ደ ላ ሩ፤ የፀሐይን ፊት በፎቶግራፍ የመዘገበ ሰው

ሰው ሁሉ እንጀራውን የሚያገኝበት አንድ ሥራ አለው። ጧት ተነሥቶ ወደዚያው ይሄዳል፤ ማታም ደክሞ ይመለሳል። ከሥራው የተረፈችውን ጥቂት ሰዓት ግን አንዱ በጨዋታ፣ ሌላው በእንቅልፍ፣ ሌላውም በትምህርት ያሳልፋታል። ከዚህች ከትርፍ ሰዓት ለዓለም የሚጠቅም ታላቅ ነገር ሊወጣ ይችላል ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። በዚህ በትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ላይ ታሪኩን በአጭሩ የምናቀርበው ሰው ከነዚያ ከጥቂቶቹ አንዱ ነበረ። ስሙ ዋረን ደ ላ ሩ ይባላል። የዕለት ሥራው ወረቀትና ማተሚያ ሲሆን፣ በትርፍ ጊዜው የፀሐይን ፊት በየቀኑ ፎቶግራፍ እያነሡ መመዝገብ የሚቻልበትን መንገድ ለዓለም አሳየ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት፣ በሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ደ ላ ሩ የተወለደው በ1815 ዓመተ ምሕረት፣ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው ባሕር ውስጥ በምትገኘው በገርንዚ ደሴት ነው። አባቱ ቶማስ ደ ላ ሩ የማተሚያ ሙያ ያለው ብርቱ ሠራተኛ ሲሆን፣ ኋላ በለንደን ከተማ ስመ ጥር የሆነውን የማተሚያ ድርጅት አቋቋመ። ልጁ ዋረን በፓሪስ ከተማ በሴንት ባርብ ኮሌጅ ከተማረ በኋላ ገና በወጣትነቱ በአባቱ ድርጅት ሥራ ገባ። ድርጅቱ የመጫወቻ ካርታ፣ የጽሕፈት ወረቀት፣ በኋላም የፖስታ ቴምብር እያተመ ይሸጥ ነበር። እንዲህ ያለው ሥራ ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ቀለሙ እንዳይለቅ፣ ወረቀቱ እንዳይሸበሸብ፣ አንዱ ቴምብር ከሌላው እንዳይለይ ለማድረግ ኬሚስትሪንም መካኒክንም ማወቅ ያስፈልጋል። ወጣቱ ዋረን ሁለቱንም በሥራ ላይ ሆኖ ተማረ።

የሚማረውም ትእዛዝ ለመፈጸም ብቻ አልነበረም። የኬሚስትሪ ሊቃውንት ትምህርት ወደሚሰጡበት ሥፍራ እየሄደ ያዳምጥ ነበር። የለንደን የኬሚስትሪ ማኅበር በ1841 ሲመሠረት ከመጀመሪያዎቹ አባሎች አንዱ ሆነ፤ ከዓመታት በኋላም ሁለት ጊዜ ፕሬዚዳንት ሆኖ መርቶታል። ኤድዊን ሂል ከተባለ ሰው ጋራ ሆኖ የደብዳቤ ፖስታ የሚያጥፍ መኪና ሠራ። ይህ መኪና በ1851 በለንደን በተደረገው ታላቅ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ቀርቦ በሰዓት ከ2,000 የሚበልጥ ፖስታ ሲያጥፍ ሕዝቡ በአድናቆት ተመለከተው። ከዚያም አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1850፣ ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር በአባልነት ተቀብሎት ነበር። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 35 ዓመት ነበረ።

ወደ ሰማይ እንዲመለከት ያደረገው ጄምስ ናስሚዝ የተባለ ወዳጁ ነው። ናስሚዝ የእንፋሎት መዶሻን በመሥራት የታወቀ መሐንዲስ ሲሆን፣ እርሱም በትርፍ ጊዜው የራሱን ቴሌስኮፕ እየሠራ ጨረቃን ይመረምር ነበር። ደ ላ ሩም የወዳጁን ምሳሌ ተከትሎ ስፋቱ 13 ኢንች፣ ማለት 33 ሳንቲ ሜትር የሆነ የቴሌስኮፕ መስተዋት በገዛ እጁ ለመሥራት ተነሣ። የዚያን ዘመን የቴሌስኮፕ መስተዋት እንደ ዛሬው ከብርጭቆ የሚሠራ አልነበረም። መዳብና ቆርቆሮ ተቀላቅሎ ቀልጦ ከተጣለ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ተሞርዶና ተወልውሎ ነው መልክ የሚያሳየው። ጥቂት ስሕተት ከገባበት የከዋክብቱ መልክ ይበላሻል። ደ ላ ሩ ይህን መስተዋት ሠርቶ በሰሜን ለንደን በካነንበሪ በቤቱ ግቢ ተከለው።

ፎቶግራፍ በዚያን ጊዜ ገና ልጅ ነበር። የፈረንሳዩ ዳጌር አሠራሩን ለዓለም የገለጸው በ1839 ነው። በ1851ዱ ኤግዚቢሽን ላይ ከአሜሪካ፣ ከሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የመጣ የጨረቃ ፎቶግራፍ ታይቶ ነበር። ደ ላ ሩ ይህን ፎቶግራፍ ተመልክቶ ሐሳቡ ሁሉ ወደዚያው ሳበው። እስከዚያ ድረስ በቴሌስኮፕ የሚመለከት ሰው ያየውን በእርሳስ ይሥል ነበር። ሥዕሉ ግን ከሠዓሊው እጅ አይበልጥም። ሁለት ሰዎች አንዱን ነገር አይተው ሁለት ዓይነት ይሥላሉ፤ ማን እንደ ተሳሳተ ለመፍረድም አይቻልም። ፎቶግራፍ ግን ብርሃኑ ራሱ የሚጽፈው ምስክር ነው። ማተሚያን ሙያው ላደረገ ለደ ላ ሩ ይህ ነገር እንግዳ አልነበረም፤ ሰማይን እንደ አንድ ገጽ ለማተም የሚቻልበት ዘዴ መሆኑን ወዲያው ተረዳው።

በ1852 መጨረሻ የጨረቃን ፎቶግራፍ ማንሣት ጀመረ። የተጠቀመበት አሠራር ኮሎዲዮን የሚባለው ነው። በአሲድ የተዘጋጀ ጥጥ በኤተርና በአልኮል ይሟሟል፤ ያም ፈሳሽ በመስተዋት ሰሌዳ ላይ ይፈስሳል፤ ሰሌዳው በብር ናይትሬት ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያም እንደ ረጠበ ፎቶግራፍ ይነሣበታል። ጥቂት ደቂቃ ካለፈና ከደረቀ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ሰሌዳ የሚያዘጋጀው፣ ፎቶግራፍ የሚያነሣውና የሚያጥበው በአንድ ሥፍራ ተቀራርበው በፍጥነት መሥራት ነበረባቸው። በዚህ ላይ መሬት ስለምትዞር ጨረቃ ከቴሌስኮፑ ፊት ትሸሻለች። ደ ላ ሩ ጨረቃን የሚከተል መሣሪያ ስላልነበረው፣ ሰሌዳውን በእጁ ቀስ እያለ እየገፋ ለብዙ ሴኮንዶች ይከተላት ነበር። እጅ ግን ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ለጊዜው ሥራውን አቆመ።

በ1857 ዛሬ የሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ባለበት አጠገብ ወደምትገኘው ወደ ክራንፎርድ መንደር ቤቱን አዛወረ። በዚያም ቴሌስኮፑ እንደ ሰዓት እየዞረ ሰማይን የሚከተልበትን መሣሪያ ገጠመለት። ከዚያ ወዲህ ያነሣቸው የጨረቃ ፎቶግራፎች በዘመኑ ተወዳዳሪ አልነበራቸውም። በተለያየ ጊዜ የተነሡትን ሁለት ፎቶግራፎች ጎን ለጎን አድርጎ በሁለት ዓይን በሚያሳይ መነጽር ሲያሳያቸው፣ ጨረቃ እንደ ሥዕል ጠፍጣፋ ሳትሆን እንደ ኳስ ክብ ሆና ትታይ ነበር።

ይሁን እንጂ ዘላቂ ስም የሰጠው ሥራው የጨረቃ ሳይሆን የፀሐይ ነው። ይህንንም ለመረዳት ስለ ፀሐይ በዚያን ዘመን የታወቀውን ጥቂት እንናገር።

ፀሐይ በአማካይ ከእኛ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ፊቷ ላይ ጥቁር ነጥቦች እንዳሉ በቴሌስኮፕ የታየው ከ1610 ጀምሮ ሲሆን፣ ጋሊሌዎና ሌሎችም ሊቃውንት ተመልክተው ጽፈዋል። ዴሳው በምትባል የጀርመን ከተማ የሚኖር ሐይንሪሽ ሽዋቤ የተባለ መድኃኒት ቀማሚ ከ1826 ጀምሮ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ሁሉ ነጥቦቹን እየቆጠረ ጻፈ። ከ17 ዓመት በኋላም፣ በ1843፣ የነጥቦቹ ቁጥር በ10 ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ እየበዛና እያነሰ እንደሚመላለስ ገለጠ። ዛሬ ይህ ዑደት በአማካይ 11 ዓመት እንደ ሆነ ይታወቃል። ይህን ታላቅ ነገር ያገኘው መድኃኒት ሻጭ እንጂ በሥነ ፈለክ ደመወዝ የሚቀበል ሰው አልነበረም።

የሽዋቤ ሥራ ለሊቃውንቱ አንድ ትምህርት ሰጣቸው፤ ፀሐይን አንድ ቀን አይቶ መተው እንደማይበቃ አስረዳቸው። በየቀኑ፣ በአንድ ዓይነት መሣሪያ፣ ያለ አድልዎ መመዝገብ ያስፈልጋል። በ1845 ፊዞና ፉኮ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን የፀሐይን ፎቶግራፍ በብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ አንሥተው ነጥቦቹን አሳይተው ነበር። ነገር ግን ያ የአንድ ቀን ሥራ ነው። በ1854 ስመ ጥሩው ሊቅ ጆን ሐርሸል የፀሐይ ፎቶግራፍ በየቀኑ እንዲነሣ ሐሳብ አቀረበ። ሮያል ሶሳይቲም ሐሳቡን ተቀብሎ ገንዘብ ሰጠ። መሣሪያው እንዴት መሠራት እንዳለበት እንዲያቅድ የተለመነው የማተሚያ ቤቱ ሰው ደ ላ ሩ ነበር።

የፀሐይ ችግር ከጨረቃ ችግር የተለየ ነው። ጨረቃን ፎቶግራፍ ለማንሣት ብርሃን ያንሳል፤ ፀሐይን ለማንሣት ግን ብርሃን ከመጠን በላይ ይበዛል። መዝጊያው ጥቂት ዘግየት ካለ ሰሌዳው ይበላሻል፤ ጥቁር ነጥቦቹም ይጠፋሉ። ደ ላ ሩ ያቀደው መሣሪያ የሚከተለው ነው። ሌንሱን ሆን ብሎ አነስተኛ አደረገው፤ ስፋቱ 3 ኢንች ተኩል ያህል ብቻ ነበር። ይህ ሌንስ የሚሰጠው የፀሐይ መልክ ከአንድ አዝራር የማይበልጥ በመሆኑ፣ በሁለተኛ ሌንስ አማካይነት ስፋቱ 4 ኢንች፣ ማለት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲሆን አሰፋው። በመካከሉም ቀጭን ስንጥቅ ያለበት ሳንቃ በሞላ አስቀመጠ። ሳንቃው በክር ታስሮ ይቆይና ክሩ ሲለቀቅ ሞላው በፍጥነት ይስበዋል፤ ስንጥቁም በፀሐይ መልክ ፊት ብልጭ ብሎ ያልፋል። በዚህች ከሴኮንድ እጅግ ባነሰች ጊዜ ውስጥ ሥዕሉ ይታተማል። በፎቶግራፉ ላይ አቅጣጫው እንዲታወቅም ቀጫጭን ሽቦዎች በመስቀል ቅርጽ ተዘረጉ። መሣሪያው ፎቶሄሊዮግራፍ ተባለ፤ ትርጓሜውም በብርሃን ፀሐይን የሚጽፍ ማለት ነው። አንድሩ ሮስ የተባለ የሌንስ ሠሪ ሠርቶት፣ በለንደን አጠገብ በኪው ኦብዘርቫቶሪ ተተክሎ በ1858 ሥራውን ጀመረ።

የዚህ መሣሪያ አስፈላጊነት ብዙ ሳይቆይ ታየ። በ1859 መስከረም 1 ቀን ሪቻርድ ካሪንግተን የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ በቤቱ ባለው ቴሌስኮፕ የፀሐይን ነጥቦች ሲሥል፣ በአንድ ትልቅ የነጥቦች ክምችት ላይ ድንገት ሁለት ነጭ ብልጭታዎች ሲበሩ አየ። ብልጭታዎቹም 5 ደቂቃ ያህል ቆይተው ጠፉ። ይህ ካሪንግተን የቢራ ጠማቂ ልጅ ሲሆን፣ ሥነ ፈለክን የሚሠራው በገዛ ገንዘቡ ነበር። በዚያው ሰዓት በኪው የነበረው የማግኔት መርፌ ጥቂት ተንቀጠቀጠ። ከ17 ሰዓት ያህል በኋላም በምድር ሁሉ ታላቅ የማግኔት ማዕበል ተነሣ፤ የቴሌግራፍ መሥመሮች ተዘበራረቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚታየው የሰማይ ብርሃን እጅግ ወደ ደቡብ ርቆ ታየ። ሪቻርድ ሆጅሰን የተባለ አንድ ሌላ ሰውም ብልጭታውን በቤቱ ሆኖ ስላየው የካሪንግተን ቃል ታመነ። ፎቶግራፍ ያነሣው ግን ማንም አልነበረም። ያ ሁለተኛ ምስክር ባይኖር ኖሮ ነገሩ ዓይኑን አታልሎት ነው ተብሎ ሊቀር ይችል ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ደ ላ ሩ የሕይወቱ ታላቅ ፈተና መጣበት። በ1860 ሐምሌ 18 ቀን በእስጳንያ አገር ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ የሚታይ ሆነ። በግርዶሽ ጊዜ ጨረቃ ፀሐይን ፈጽማ ስትሸፍን፣ በጨለማው ክብ ዳርና ዳር ቀይ ነበልባሎች ይታያሉ። እነዚህ ነበልባሎች የማን ናቸው የሚል ጥያቄ ሊቃውንቱን ከፋፍሎ ነበር። አንዳንዶቹ የፀሐይ ናቸው አሉ፤ ሌሎቹ የጨረቃ ናቸው አሉ፤ በዓይን ላይ የሚመጣ መሳሳት ነው ያሉም ነበሩ። በ1851 ግርዶሽ ጊዜ በርኮቭስኪ የተባለ ሰው በፕሩስያ በኬኒግስበርግ ከተማ አንድ ፎቶግራፍ አንሥቶ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ፎቶግራፍ ብቻውን ክርክሩን ሊጨርስ አልቻለም።

የእንግሊዝ መንግሥት ሒማላያ የተባለችውን መርከብ ለሊቃውንቱ ሰጠ። ደ ላ ሩ የኪውን ፎቶሄሊዮግራፍ ነቅሎ፣ ተፈታትቶ የሚገጠም የእንጨት ቤትና ጨለማ ክፍል ጭምር ይዞ ተሳፈረ። በሰሜን እስጳንያ ሪቫቤዮሳ በምትባል መንደር ሠፈረ። ከረዳቶቹ አንዱ በኪው የመካኒክ ሥራ ኀላፊ የነበረው ሮበርት ቤክሊ ነበር። እስቲ አንባቢ ጭንቀቱን ይገምት። ያን ሁሉ ዕቃ በባሕርና በየብስ አጓጉዞ፣ ሙሉው ጨለማ የሚቆየው 3 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። አንድ ቁራጭ ደመና ቢያልፍ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። የሴኮንድ ቁራሽ ብቻ እንዲበቃው ተብሎ የተሠራው መሣሪያ በግርዶሽ ጨለማ ውስጥ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈልግም በእርግጥ የሚነግረው ሰው አልነበረም።

ሰዓቱ ደረሰ፤ ሰማዩም አላሳፈረውም። ረዳቶቹ ሰሌዳውን እየነከሩ፣ እያቀበሉ፣ እያጠቡ ተሯሯጡ። በዚያ ቀን ከ40 የሚበልጥ ፎቶግራፍ ተነሣ። ከነዚህ መካከል ሙሉው ጨለማ ሳለ የተነሡት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ለእያንዳንዳቸውም የአንድ ደቂቃ ያህል ጊዜ ተሰጣቸው። ቀይ ነበልባሎቹ በሁለቱም ላይ በግልጽ ታተሙ። ሁለቱን ሲያስተያዩአቸው ጨረቃ ወደ ፊት በሄደች መጠን በአንድ ወገን ያሉትን ነበልባሎች እየሸፈነች፣ በሌላው ወገን ያሉትን እየገለጠች መሄዷ ታየ። ነበልባሎቹ የጨረቃ ቢሆኑ ኖሮ አብረዋት በተጓዙ ነበር።

ሌላም ማስረጃ ተጨመረ። ከሪቫቤዮሳ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በሜዲቴራኒያን ባሕር አጠገብ፣ የሮማው የኢየሱሳውያን ካህንና ሊቅ አንጄሎ ሴኪ በባልደረቦቹ እርዳታ የዚያኑ ግርዶሽ ፎቶግራፍ አስነሥቶ ነበር። የሁለቱ ሥፍራ ፎቶግራፎች ቢነጻጸሩ የነበልባሎቹ ቅርጽ አንድ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ነበልባሎቹ የዓይን መሳሳት አይደሉም፤ የጨረቃም አይደሉም፤ የፀሐይ ናቸው። ብዙ ዓመት የቆየው ክርክር በጥቂት የመስተዋት ሰሌዳዎች ምስክርነት ተፈታ። ስምንት ዓመት ቆይቶ በ1868 ግርዶሽ በሕንድ አገር ሌሎች ሊቃውንት የነበልባሎቹን ብርሃን መርምረው የጋለ ሃይድሮጅን ጋዝ መሆኑን ሲያገኙ፣ የእስጳንያው ሥራ መሠረት ሆኖላቸዋል። የንጉሣዊው የሥነ ፈለክ ማኅበር በ1862 ለደ ላ ሩ የወርቅ ሜዳሊያውን ሸለመው። ከ1864 እስከ 1866ም የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሆነ።

ብዙ ሰው ከእንዲህ ያለ ክብር በኋላ ያርፋል። ደ ላ ሩ ግን ከግርዶሹ ይልቅ እጅግ አሰልቺ ወደ ሆነው ሥራ ተመለሰ፤ ይኸውም ፀሐይን በየቀኑ ፎቶግራፍ ማንሣት ነው። ከ1862 ጀምሮ መጀመሪያ በክራንፎርድ በቤቱ፣ ቀጥሎም መሣሪያው ወደ ኪው ተመልሶ፣ እስከ 1872 ድረስ ለ10 ዓመት ሥራው ሳይቋረጥ ቀጠለ። በኪው ይህን ሥራ ከሚሠሩት መካከል የሮበርት ቤክሊ ልጅ ኤልሳቤጥ ቤክሊ ትገኝ ነበር። ሴቶች በሳይንስ ማኅበሮች በማይቆጠሩበት በዚያ ዘመን ይህች ወጣት ደመናው ገለል እስኪል በትዕግሥት እየጠበቀች፣ ሰሌዳውን እያዘጋጀች የፀሐይን ፎቶግራፍ ታነሣ ነበር። በትምህርት ቤታችን ያሉ እኅቶቻችን ስሟን ቢይዙት መልካም ነው።

ደ ላ ሩ፣ ባልፎር ስቱዋርትና ቤንጃሚን ሎዊ ሦስቱ ሆነው ፎቶግራፎቹን እየለኩ መረመሩ። ጥቁር ነጥቦቹ በፀሐይ ዳር ሲደርሱ ቅርጻቸው እንዴት እንደሚለወጥ፣ በአጠገባቸው የሚታዩት ብሩህ ሥፍራዎች በየትኛው ወገን እንደሚበዙ ጻፉ። ከዚያም አልፈው የነጥቦቹ መብዛትና ማነስ ቬኑስን በመሳሰሉት ፕላኔቶች አቀማመጥ ምክንያት ነው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ይህ ሐሳባቸው ከጊዜ በኋላ ተቀባይነት አላገኘም። በ1908 አሜሪካዊው ጆርጅ ሔል ነጥቦቹ ብርቱ የማግኔት ኀይል ያለባቸው ሥፍራዎች መሆናቸውን አገኘ። ያ ኀይል ሙቀት ከውስጥ እንዳይወጣ ስለሚገታ ነጥቡ ከአካባቢው ይበርዳል፤ ስለ በረደም ጠቁሮ ይታያል። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። የሦስቱ ሰዎች ግምት ወደቀ፤ ያነሡአቸው ፎቶግራፎች ግን አልወደቁም። በቅንነት የተያዘ መዝገብ የጻፈው ሰው ቢሳሳት እንኳ ለሚቀጥለው ትውልድ ያገለግላል።

በ1873 ደ ላ ሩ የክራንፎርዱን ቤት ሲለቅ፣ በእጁ የሠራውን ባለ 13 ኢንቹን ቴሌስኮፕና ሌሎች መሣሪያዎቹን ለኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በስጦታ ሰጠ። የኪው ፎቶሄሊዮግራፍም በዚያው ዓመት ወደ ግሪኒች ኦብዘርቫቶሪ ተወሰደ። በግሪኒች የተጀመረው የየቀኑ የፀሐይ ፎቶግራፍ መዝገብ ከ1874 እስከ 1976 ድረስ ለ102 ዓመት ቀጠለ። በእንግሊዝ ሰማይ ደመና ሲሆን ቀኑ ባዶ እንዳይቀር፣ በደቡብ አፍሪካ በኬፕታውን፣ በሕንድና በሞሪሺየስ የተነሡ ፎቶግራፎች ይጨመሩበት ነበር። ከ1976 በኋላም ሥራውን የሁንጋሪያው የደብረጸን ኦብዘርቫቶሪ ወርሶ ቀጥሎት ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረታችን ለዚህ ይስማማል፤ የብዙ አገር ሰዎች፣ የብዙዎቹም ስም ሳይጠራ፣ ፀሐይን በአንድ መዝገብ ያዙአት።

ደ ላ ሩ ራሱ በሽምግልናው ጊዜም ሥራ አልፈታም። ከሁጎ ሙለር ጋራ ሆኖ ከ11,000 የሚበልጡ ትንንሽ ሴሎች ያሉት የኤሌክትሪክ ባትሪ አሠርቶ የኤሌክትሪክን ብልጭታ መረመረ። በ1889 በለንደን ከተማ በ74 ዓመት ዕድሜው ዐረፈ። በጨረቃ ላይ ካሉት ሰፋፊ ጉድጓዶች አንዱ በስሙ ተሰይሟል።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅመናል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በመጀመሪያ፣ የፀሐይ ነገር የሩቅ አገር ነገር አይደለም። በ1957 እና በ1958 የዓለም ሊቃውንት በተባበሩበት የጂኦፊዚክስ ዓመት ጊዜ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቁሞ የምድርን የማግኔት ኀይል መመዝገብ ጀመረ። አገራችን ለማግኔት ወገብ ቅርብ በመሆኗ ይህ መዝገብ ለዓለም ሁሉ አስፈላጊ ነበር። በ1859 የኪውን መርፌ ያንቀጠቀጠችው ፀሐይ የአዲስ አበባውንም መርፌ ታንቀጠቅጣለች። ዛሬም በፀሐይ ላይ የሚነሣው ማዕበል ሳተላይትንና ራዲዮን፣ የኤሌክትሪክንም መሥመር ሊጎዳ ስለሚችል ያለ ማቋረጥ ይጠበቃል። ለዚሁ ሥራ በ2010 ወደ ጠፈር የተላከው የአሜሪካ ሳተላይት ፀሐይን በየጥቂት ሴኮንዱ ፎቶግራፍ እንዲያነሣ ሆኖ የተሠራ ነው። ይህም ሆኖ በየአገሩ በትርፍ ጊዜያቸው የፀሐይን ነጥቦችና ነበልባሎች በቤታቸው ሆነው ፎቶግራፍ የሚያነሡ ሰዎች አልጠፉም፤ እንዲያውም በዝተዋል።

ሁለተኛ፣ ለመጠንቀቅ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ላይ ፀሐይ እንደ ቀለበት ሆና በታየች ጊዜ ብዙ ሰው ወደ ሰማይ ለማየት ወጥቶ ነበር። ፀሐይን በባዶ ዓይን ትኩር ብሎ ማየት፣ ይልቁንም በቴሌስኮፕ ወይም በፎቶግራፍ ማንሻ መነጽር ማየት፣ ዓይንን ለዘለዓለም ሊያጠፋ ይችላል። ደህናው መንገድ ካሪንግተን ያደርገው እንደ ነበረ ነው፤ በአስተማሪ ፊት የፀሐይን መልክ ከትንሽ ቴሌስኮፕ በነጭ ወረቀት ላይ ጥሎ ወረቀቱን መመልከት። ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚሻም ለዚሁ ተብሎ የተሠራውን የፀሐይ ማጥለያ በሌንሱ ፊት ሳይገጥም መሣሪያውን ወደ ፀሐይ አያዙር።

ሦስተኛውና ዋናው ግን ይህ ነው። ሽዋቤ መድኃኒት ቀማሚ ነበረ፤ ካሪንግተን የቢራ ጠማቂ ልጅ፤ ደ ላ ሩም የማተሚያ ቤት ሰው። ሦስቱም ፀሐይን ለማወቅ ደመወዝ አልጠበቁም። ደ ላ ሩ ከሙያው የተማረውን ቀለሙንም፣ ሞላውንም፣ ሰሌዳውንም፣ አንዱ ቅጂ ከሌላው እንዳይለይ የመጠንቀቁንም ልማድ ወስዶ ለሰማይ ሥራ አዋለው። ስለዚህ ከመካከላችን ነጋዴ፣ መካኒክ፣ ገበሬ ወይም ጸሐፊ የሚሆን ሁሉ የዕውቀት በር ተዘግቶብኛል ብሎ ማዘን አይገባውም። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው፣ በአንድ ቀን የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ጥቂት ነገር ነው፤ የ10 ዓመት ፎቶግራፍ ግን ሳይንስ ሆነ፤ የ100 ዓመቱም የዓለም ሀብት ሆነ። እኛም ተማሪዎች የዝናሙን መጠን ቢሆን፣ የሙቀቱን ልክ ቢሆን፣ የፀሐይን ነጥቦች ቢሆን፣ አንድ ነገር መርጠን በየቀኑ ሳንሰለች ብንመዘግብ፣ ደብተራችን ከእኛ በኋላ ለሚመጡት የዚህ ትምህርት ቤት ልጆች የሚነበብ ውርስ ይሆናል።